ኪሎ ሜትር ቆጣሪው የማይመዘግበው የሞተር ዕድሜ

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው ጠበቁኝ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ስሪት፣ ሁለቱም የ17 ዓመት ዕድሜ ያላቸው፣ ሁለቱም ባለ 1.6 ሊትር የቤንዚን ሞተር ናቸው። የአንደኛው ቆጣሪ 94,000 ኪሎ ሜትር ያነባል፤ የሌላኛው 287,000። ብዙ የተነዳችውን መኪና ያመጣት ሰው «ሞተሯ ሳይሞት ልሽጣት ወይ?» ብሎ ሊያማክረኝ ነው የመጣው። ጥቂት የተነዳችው መኪና ባለቤት ደግሞ ጠዋት ጠዋት የምታሰማው ድምፅ አሳስቦት ነበር፤ ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚለኩሰውን ዕቃ) ቀይሬ የምመልስለት መስሎታል።

የሁለቱንም የቫልቭ ክዳን (አየር የሚያስገቡትንና ጭስ የሚያስወጡትን የሞተሩን በሮች የሚሸፍነውን) ከፈትኩ። 287,000 የተነዳችው ውስጥ ያለው ብረት ፈዛዛ የማር ቀለም ይዟል፤ በጣቴ ስዳስሰው ከንጹሕ ዘይት በቀር የነካኝ ነገር የለም። 94,000 የተነዳችው ውስጥ ግን ጥቁር ዝቃጭ፣ እንደ ቀዘቀዘ ሬንጅ ረግቶ፣ የቫልቮቹን ሞላዎች (ስፕሪንጎች) እስከ ወገባቸው ውጧቸዋል። በመፋቂያ አንድ ጊዜ ብጠርገው ማንኪያ ሙሉ ወጣ። ዘይቱ ወደ ታች የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች ግማሾቹ ተደፍነዋል። ጠዋት የሚሰማው ድምፅ የካንዴላ ጉዳይ አልነበረም፤ ዘይት በጊዜ ያልደረሰው ብረት እርስ በርሱ ሲፋጭ የሚያሰማው ድምፅ ነው።

በዚህ ሥራ 23 ዓመት ቆይቻለሁ። ያን ቀን ያየሁት አዲስ ነገር አልነበረም፤ ነገር ግን ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስላየኋቸው ጉዳዩን በጽሑፍ ላስፍረው አልኩ። ቆጣሪው የሚቆጥረው የጎማውን ዙር ነው። ሞተሩ ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ስንት ጊዜ ቀዝቃዛ ሆኖ እንደተነሣ፣ ዘይቱ ስንት ወር እንደቆየ አያውቅም። የሞተርን ጤና የሚወስኑት ደግሞ እነዚህ ናቸው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። በአማካይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና 100,000 ኪሎ ሜትር ለመሙላት 2,000 ሰዓት ይፈጅበታል። ሞተሩ በአማካይ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ቢዞር በዚያ ጊዜ ውስጥ 240 ሚሊዮን ጊዜ ዞሯል ማለት ነው። በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ በአማካይ 25 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚጓዝ መኪና ያንኑ 100,000 ለመሙላት 4,000 ሰዓት ይሠራል። መኪናው ቆሞ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ በዝቅተኛው ዙር) ሲዞር ያለፈው ሰዓት ሁሉ በቆጣሪው ላይ ዜሮ ነው፤ ለሞተሩና ለዘይቱ ግን ዜሮ አይደለም።

የ94,000ዋ ባለቤት ግዴለሽ ሰው አይደለም። መኪናዋን ያጥባል፣ ጥላ ውስጥ ያቆማል፣ ቀስ ብሎ ይነዳል። ዘይትም በየ10,000 ኪሎ ሜትር ይለውጣል። ጥፋቱ ያለው የሥራ ቦታው ቅርብ ከመሆኑ ላይ ነው፤ በቀን አራት ጊዜ ይመላለሳል፣ እያንዳንዱ ጉዞ 4 ኪሎ ሜትር አይሞላም። 10,000 ኪሎ ሜትር ለመሙላት ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል ማለት ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። አብዛኛው በጭስ ማውጫው ይሄዳል፤ ጥቂቱ ግን በፒስተኑ ፋሻ (ፒስተኑን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር በሚገጥመው ቀለበት) በኩል ሾልኮ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ያልተቃጠለ ቤንዚንም አብሮት ይወርዳል። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ረዘም ላለ ጊዜ ከሠራ ይህ ውኃና ቤንዚን ተንኖ ይወጣል። በአራት ኪሎ ሜትር ጉዞ ግን ዘይቱ ገና ለብ ሳይል ሞተሩ ይጠፋል፤ ውኃው እዚያው ይቀራል፣ ከጥላሸቱ ጋር ተዋህዶ ዘይቱን ወደ ዝቃጭነት ይለውጠዋል፣ አሲድም ይፈጥራል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፦ ከመኪናው ጋር የመጣውን የመመሪያ መጽሐፍ አውጡና የጥገናውን ሠንጠረዥ ፈልጉ። በአብዛኞቹ መጻሕፍት ሠንጠረዦቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ለመደበኛ አጠቃቀም፣ ሌላው ለከባድ አጠቃቀም። ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን አንብቦ መጽሐፉን ይዘጋል። ከባድ የሚባለው አጠቃቀም ግን የጭነት መኪና ሥራ ብቻ አይደለም፤ አጭር ጉዞ፣ አቧራ፣ ቆሞ መሄድ የበዛበት መንገድ፣ ረጅም ሰዓት በሚኒሞ መቆየት፣ ተሳቢ መጎተት ሁሉ እዚያ ውስጥ ተጽፈዋል። ወደ እኔ ከሚመጡት መኪኖች የሚበዙት የሁለተኛው ሠንጠረዥ ናቸው። ሠንጠረዡ ኪሎ ሜትርና ወር ካስቀመጠ ደግሞ ቀድሞ የደረሰውን ያዙ። እኔ ለአጭር ጉዞ መኪና 5,000 ኪሎ ሜትር ወይም ስድስት ወር እላለሁ፤ ከዚህ አልፌ አላውቅም።

ማስታወሻ ደብተሩ

በራሴ መኪና ውስጥ፣ ከጓንት ማስቀመጫው ውስጥ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው ትንሽ ደብተር አለ። ነዳጅ በሞላሁ ቁጥር ቀን፣ የቆጣሪውን ንባብና የሞላሁትን ሊትር እጽፋለሁ። ዘይት ከጨመርኩ መጠኑን፣ ዕቃ ከቀየርኩ ስሙን። ሌላ ምንም አያስፈልግም። ይህ ደብተር ከማንኛውም የመመርመሪያ መሣሪያ ይልቅ ብዙ ጊዜ ጠቅሞኛል፤ ምክንያቱም ሞተር ሲደክም ድንገት አይደለም። ውስጥ ውስጡን ነው፤ በየቀኑ የሚነዳው ሰው ለውጡን ይለምደዋል። ቁጥር ግን አይለምድም።

የነዳጅ ፍጆታ ስሌቱ ቀላል ነው። ታንኩን ሙሉ፤ የጉዞ ቆጣሪውን ወደ ዜሮ መልሱ፤ ነዱ፤ እንደገና ሙሉ። ለምሳሌ 512 ኪሎ ሜትር ነድታችሁ 38.4 ሊትር ከገባ፣ 38.4ን ለ512 አካፍሉና በ100 አባዙ፤ በ100 ኪሎ ሜትር 7.5 ሊትር ይወጣል። አንድ ንባብ ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ሦስትና አራት ጊዜ ሲደጋገም ነው የሚታመነው።

የእኔ መኪና በ60,000 ኪሎ ሜትር 7.4 ሊትር ትፈጅ ነበር፤ በ310,000 ደግሞ 7.8። ይህ የእርጅና ድርሻ ነው፣ አልቆጭበትም። በመካከሉ ግን በሁለት ወር ውስጥ ከ7.6 ወደ 9.1 ዘለለች። ማስጠንቀቂያ መብራት አልበራም፤ ድምፅም፣ ጭስም የለም። ደብተሩ ባይኖር ኖሮ «አርጅታለች» ብዬ አልፈው ነበር። ወደ ዳሽቦርዱ ስመለከት የሙቀት መርፌው ሁልጊዜ ከሚቆምበት መሐል ወርዶ ከሩብ ትንሽ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። የራዲያተሩን ውኃ የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ተከፍቶ ደርቋል፤ ሞተሩ የሥራ ሙቀቱ ላይ ስለማይደርስ ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ እንደ ቀዝቃዛ ሞተር ተጨማሪ ቤንዚን ይሰጠዋል። መዳፍ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ተቀየረ፤ በቀጣዩ ሙሌት 7.6 ተመለሰ።

ዘይቱን በእጅ ማንበብ

ሁለት ሳምንት ባለፈ ቁጥር ይህን አድርጉ። መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁሙ፤ ሞተሩን አጥፍታችሁ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ኮፈኑን ክፈቱ፣ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጡ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፣ እስከ መጨረሻው መልሳችሁ ክተቱና እንደገና አውጡ። የመጀመሪያው ንባብ ስለሚያታልል ነው ሁለት ጊዜ የምናወጣው። ልኩን ካያችሁ በኋላ ዘንጉን አትመልሱት። ጫፉ ላይ ያለችውን ጠብታ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል አሹት። የሚያንሸራትት ልስላሴ ሊሰማችሁ ይገባል፤ እንደ አሸዋ የሚቆረቁር ነገር ካለ ብረት ወይም አቧራ ገብቷል። ከዚያ አሽትቱት። የቤንዚን ሽታ ጎላ ብሎ ከመጣ ዘይቱ ቀጥኗል፣ ወሩን ሳትጠብቁ ለውጡት። ወተት እንደተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል፤ የቴስታታው ጋርኒሲዮን (በሞተሩ አናት ሥር ያለው ማሸጊያ) ተበልቶ ሊሆን ስለሚችል ሳይመረመር አትንዱት።

ጥቁርነት ብቻውን ግን አያስደንግጣችሁ። ዘይት ውስጥ ጥላሸቱን ይዞ የሚያንሳፍፍ ማጠቢያ ንጥረ ነገር አለ፤ ሲጠቁር ሥራውን እየሠራ ነው። የናፍጣ ሞተር ዘይት ተለውጦ ብዙም ሳይቆይ ይጠቁራል።

ሞተር ሲያረጅ ወፍራም ዘይት ይጨመርበት የሚለውን ምክር ብዙ ሰው ይከተላል። እኔ አልስማማም። መመሪያው 5ደብልዩ-30 (5W-30) ካለ፣ የመጀመሪያው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚፈስ፣ ሁለተኛው በሥራ ሙቀት ምን ያህል ውፍረት እንደሚኖረው ይናገራል። በአሁኖቹ ሞተሮች ውስጥ የቫልቮቹን መክፈቻ ጊዜ የሚቀያይረው መሣሪያ በዘይት ግፊት ነው የሚንቀሳቀሰው፤ መንገዶቹም ጠባብ ናቸው። ከተፈቀደው የወፈረ ዘይት የብሮንዚናውን (የሞተሩ ዘንግ ተቀምጦ የሚዞርበትን ዕቃ) ድምፅ ለጥቂት ጊዜ ያፍነው ይሆናል፤ መበላቱን ግን አያቆምም፣ ጠዋት ላይም ወደ ላይኛው ክፍል ለመድረስ ይዘገያል። መጽሐፉ በርካታ ደረጃዎችን ከፈቀደ ከተፈቀዱት መካከል ወፍራሙን መምረጥ ትችላላችሁ፤ ከዚያ ውጭ አትውጡ።

ዘይት መብላት ሌላ ጉዳይ ነው። የእኔ መኪና አሁን በ8,000 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ገደማ ትጠጣለች፤ ይህን በእርጋታ እቀበላለሁ። በ2,000 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ከሄደ ግን ምክንያቱን መፈለግ አለባችሁ። «ፋሻው አልቋል፣ ሞተሩ ይውረድ» ከመባሉ በፊት የሞተሩን የውስጥ ትንፋሽ የሚያስወጣውን ትንሽ ቫልቭ አስመርምሩ። እርሱ ሲደፈን ግፊቱ ውስጥ ይጠራቀምና ዘይቱን በየጋርኒሲዮኑ በኩል ገፍቶ ያወጣዋል፤ ተከፍቶ ሲደርቅ ደግሞ ሞተሩ የዘይት ጤዛ ይምጋል። ሞተር ሊወርድ ተወስኖበት በዚህች ቫልቭ ብቻ የዳነ መኪና አይቻለሁ።

አየር፣ እሳት፣ ውኃ

አንድ ኪሎ ቤንዚን በትክክል ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ገደማ አየር ይፈልጋል። አንድ ሊትር ቤንዚን ለማቃጠል ሞተሩ ወደ 9,000 ሊትር አየር ይስባል ማለት ነው። ያ ሁሉ አየር የሚያልፈው በአንድ የወረቀት ፊልትሮ ነው። በአሁኖቹ ሞተሮች ኮምፒውተሩ የገባውን አየር ለክቶ ቤንዚኑን ስለሚቀንስ፣ የተደፈነ ፊልትሮ በዋናነት የሚወስደው ጉልበትን ነው፤ ዳገት ላይ ትሰሙታላችሁ። የተቀደደ ፊልትሮ ግን ከተደፈነው ይብሳል። አቧራ ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ ሲሊንደሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። በኃይለኛ አየር እየነፉ ደጋግሞ መጠቀምን ያልወደድኩት ለዚህ ነው፤ ወረቀቱ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ያበጃል። መብራት ከኋላው አብሩበትና እዩት፤ ብርሃን በነጥብ በነጥብ ካለፈ ጣሉት።

ካንዴላ ሲወጣ አትጣሉት፤ መጀመሪያ አንብቡት። ጫፉ ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን፣ እርጥብና የሚያብረቀርቅ ጥቁር ዘይት መግባቱን፣ የነጣ ጫፍ ሙቀት መብዛቱን ወይም ቤንዚን ማነሱን ይናገራል። አራቱን በሲሊንደራቸው ቅደም ተከተል ደርድሯቸው፤ ሦስቱ አንድ መልክ ይዘው አንዱ ከተለየ፣ ችግሩ የዚያ ሲሊንደር ነው። ተራ ካንዴላ በ30,000 እና በ40,000 ኪሎ ሜትር መካከል ይለወጣል፤ ኢሪዲየም ወይም ፕላቲኒየም የሆነው እስከ 100,000 ይደርሳል።

ራዲያተር ውስጥ ንጹሕ ውኃ ብቻ መጨመር ብዙ ሞተር ገድሏል። ማቀዝቀዣው ፈሳሽ የመፍላት ነጥቡን ከፍ ያደርጋል፣ ብረቱንም ከዝገት ይጠብቃል፤ የዝገት መከላከያው ግን በዓመታት ውስጥ ያልቃል፤ ስለዚህ መጽሐፉ ባለው ጊዜ ይለወጥ። የአልሙኒየም ቴስታታ አንድ ጊዜ በኃይል ከጋለ ይጣመማል። መርፌው ወደ ቀዩ ሲሄድ «እዚያች ድረስ ልድረስ» አትበሉ፤ ዳር ይዛችሁ አጥፉት። የጋለ ራዲያተር ክዳን አትክፈቱ።

የቫልቮቹን ጊዜ የሚጠብቀው ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) ላይ ደግሞ ድርድር የለም። እንደ ሞተሩ ዓይነት ብዙውን ጊዜ ከ60,000 እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ይለወጣል፤ ጎማ ስለሆነ ባይነዳም በዓመታት ብዛት ይደርቃል። ወጣት ሳለሁ የገዛኋት መኪና ሻጭ «ቺንጋው በቅርቡ ተቀይሯል» አለኝ። ወረቀት አልጠየቅሁም። ከአራት ወር በኋላ በመንገድ ላይ እያለሁ ሞተሩ ያለምንም ማስጠንቀቂያ ፀጥ አለ። ሞተሪኖውን (ሞተር ማስነሻውን) ስነካው ከወትሮው ፈጥኖ፣ እንደ ባዶ ዕቃ ቀለል ብሎ ዞረ፤ ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ፒስተኖቹ ክፍት የቀሩትን ቫልቮች መትተዋቸው ስድስቱ ተጣመዋል። ሞተራችሁ በሰንሰለት የሚሠራ ከሆነ ቺንጋ ባይኖርም ሰንሰለቱ በመበላት ይረዝማል፤ ጠዋት ሲነሣ ለሁለትና ሦስት ሰከንድ የሚንኳኳ ከሆነ አስመርምሩት።

ጉልበት ሲያጣ

«መኪናዬ ደከመች» የሚል ሰው ሲመጣ ሞተሩን የምነካው በመጨረሻ ነው። መጀመሪያ የጎማውን ንፋስ እለካለሁ። ከዚያ አሥር ደቂቃ ነድቼ እጄን ሳላስነካ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጋለሁ፤ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል፣ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ፍሬን እየጎተተ ነው የሚውለው። ቀጥሎ ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከማርሹ ጋር የሚያገናኘው)፦ በከፍተኛ ማርሽ ነዳጅ ስትሰጡት የሞተሩ ዙር ከፍ እያለ ፍጥነቱ ካልተከተለ እየተንሸራተተ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ካታሊስት የሚባለው የጭስ ማጣሪያ። እርሱ ሲደፈን ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ደኅና ሆኖ ከፍ ሲል ይታነቃል።

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ጭር ባለና ቀጥ ባለ ሕጋዊ መንገድ ላይ፣ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው በስልክ ሰዓት እየያዘልኝ፣ በአራተኛ ማርሽ ከ60 ወደ 100 ለመድረስ የሚፈጀውን ሰከንድ እመዘግባለሁ። በ80,000 ኪሎ ሜትር 11.2 ነበር፤ በ300,000 ደግሞ 11.9። አንድ ጊዜ 14 ሲሆን የተገኘው የተደፈነ ካታሊስት ነው፤ ሞተሩ ምንም አልሆነም።

እነዚህ ሁሉ ደኅና ከሆኑ ብቻ ኮምፕሬሽን (በየሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት) ይለካ። ሞተሩ ይሙቅ፤ ካንዴላዎቹ ሁሉ ይውጡ፤ ቤንዚኑና እሳቱ ይቋረጥ፤ የነዳጁ ፔዳል እስከ ታች ተረግጦ ሞተሪኖው ጥቂት ዙር ያዙረው። 12.1፣ 12.0፣ 11.8፣ 11.9 ባር ካገኛችሁ ቆጣሪው ምንም ይበል፣ ያ ጤነኛ ሞተር ነው። አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ ከ10 እስከ 15 በመቶ በላይ ካነሰ፣ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት አፍስሱና ድገሙት። ግፊቱ ከፍ ካለ ያለቀው ፋሻው ነው፤ ዘይቱ ለጊዜው ክፍተቱን ስለደፈነው ነው የጨመረው። ባለበት ከቀረ ቫልቭ ነው። ጎረቤት የሆኑ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ካነሱ በመካከላቸው ያለው ጋርኒሲዮን ተበልቷል። ባለ 287,000ውን ሰው ይህን ለክቼ ነው እንዳትሸጣት ያልኩት።

የ94,000ዋ ሞተርም አልሞተችም። የታችኛውን የዘይት መያዣ አውርደን፣ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት አጽድተን፣ ዝቃጩን በእጅ ፍቀን አወጣን። ፈጣን ማጠቢያ ኬሚካል ልጨምር ወይ ላለኝ ባለቤቷ አይሆንም አልኩት፤ ያን ያህል ዝቃጭ በአንድ ጊዜ ቢላቀቅ ወንፊቱን ይደፍናል፣ ሞተሩም ያለ ዘይት ይቀራል። ዘይቱን በ1,000 ኪሎ ሜትር፣ እንደገና በ2,000፣ ከዚያ በየስድስት ወሩ እንዲለውጥ፣ በሳምንት አንድ ቀንም ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ አርባ ደቂቃ ያህል ከከተማ ወጣ ብሎ እንዲነዳ ተስማማን።

ታሪኩን የማታውቁትን መኪና ከገዛችሁ፣ ሻጩ የነገራችሁን ሁሉ እንዳልተደረገ ቁጠሩት። ዘይት፣ የዘይት ፊልትሮ፣ የአየር ፊልትሮ፣ የራዲያተር ፈሳሽ፣ የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይት፣ የፍሬን ዘይት፣ ቺንጋ፤ ሁሉም በመጀመሪያው ወር ይለወጡ። ከዚያ የደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ ክፈቱና ቀኑንና የቆጣሪውን ንባብ ጻፉ። ቺንጋው የተለወጠበትን ቁጥር ደግሞ በማይለቅ ቀለም በወረቀት ጽፋችሁ ኮፈኑ ሥር፣ ሙቀት በማይደርስበት ቦታ ለጥፉት።